የላላ ሜትር

የድንቡሼን አንድ ተራ ቀን ቁጭ ብሎ ያሰላው ሰው ቢኖር እንዲህ ይመጣለት ነበር። ጠዋት ልጆቿ በልተው ያስተረፉት የዳቦ ጠርዝና ግማሽ እንቁላል አለ፤ «ከሚደፋ» ብላ ቆማ የምትጎርሰው። ከታክሲ መውረጃው እስከ ሕንፃው በር መቶ እርምጃ ነው። ከበሩ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሃምሳ አራት ደረጃ። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ትቆማለች። መጀመሪያ ስትቆም ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ቦርሳዋን ትበረብራለች፤ ሁለተኛው ላይ ግን ማስመሰያ ስለማታገኝ ዝም ብላ ግድግዳ ትደገፋለች። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ። በመሃል ስድስት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በድምሩ አሥራ ስምንት ማንኪያ። ማታ ቤት ስትገባ እግሯ ከጫማው አልወጣም ይላታል፤ አማቷ ያቀረበችላትን በልታ፣ የልጆቹንም ትራፊ አጽድታ፣ ነገ ለሚደገመው ሃምሳ አራት ደረጃ ትተኛለች።

ድንቡሼ የወጣላት ስም አይደለም። ስትወለድ ጉንጮቿ ዓይኗን ደፍነውት ነበር አሉ፤ ያኔ የተለጠፈባት ቅጽል እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ተከትሏት መጣ። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ሙያውን ያስተማረቻት እናቷ ናት። የምትሠራበት ቤት ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያና ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ ያለው አንድ ክፍል ነው። የቤቱ ባለቤትም ቆራጩም አንድ ሰው ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ መቀስ ይለዋል። መቀሱ ጨርቅ ይቆርጣል፣ ምላሱ ደግሞ ሰው።

ልብስ ሰፊ መሆን አንድ ክፉ ነገር አለው፤ ልብስ አይጠብም። ሌላው ሰው ቁልፉ አልገጥም ያለው ቀን ይደነግጣል፤ መስታወት ፊት ይዞራል፣ ራሱን ይጠይቃል። ድንቡሼ ግን ቀሚሷ ጎኗን ሲይዛት በምሳ ሰዓት መጋረጃው ጀርባ ገብታ ታወልቀውና ስፌቱን ትፈታዋለች። ስትሰፋው በውስጥ በኩል የተወችው ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ አለ። ከዚያ ላይ አንድ ጣት ትለቃለች፣ መልሳ ትሰፋለች፣ ትለብሳለች። አሥር ደቂቃ አይፈጅባትም። ሁለተኛዋን ልጅ ከወለደች ወዲህ በነበሩት ሰባት ዓመታት ያልሰፋ ቀሚስ የላትም። ትርፉ ሲያልቅ ደግሞ በጎንና በጎኑ ሌላ ቀለም ጨርቅ አስገብታ «ፋሽን ነው» ትላለች፤ አንዳንድ ደንበኛም አምኗት «ለእኔም እንደዚያ አድርጊልኝ» ብሏል። የመንደሩን ወገብ ሁሉ በቃሏ የምታውቅ ሴት የራሷን አታውቅም ነበር።

ጤና ጣቢያ የሄደችውም ለውፍረቷ ብላ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት። ክሩን በምራቋ አሾለችው፣ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ደግማ ሞከረች፤ የመርፌው ዓይን አንዴ ሁለት ይሆናል፣ አንዴ ይጠፋል። መነጽር ያዙልኛል ብላ በማግስቱ በባዶ ሆዷ ሄደች። እነሱ ግን መጀመሪያ ከጣቷ ደም ቀዱ።

«ምንም ሳትበዪ ነው የመጣሽው?» አለቻት ነርሷ፣ የመሣሪያውን ቁጥር እያየች።

«ከውሃ በቀር።»

«መቶ ሃያ አንድ ነው። ከመቶ በታች ነበር መሆን ያለበት። መቶ ሃያ ስድስት ሲገባ ስኳር በሽታ እንለዋለን። ደጃፉ ላይ ቆመሻል ማለት ነው እህቴ፣ ማንኳኳት ብቻ ነው የቀረሽ። በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?»

ድንቡሼ የተወጋ ጣቷን አየች። እናቷ በሃምሳ ዓመቷ «ነይ እስቲ ይቺን ክር አስገቢልኝ» እያለች ትጠራት እንደነበር ትዝ አላት። መጀመሪያ በቀን አንዴ፣ ከዚያ በየሰዓቱ። በኋላ ክሩ ሳይሆን መርፌው ጠፋባት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የምትጠራት የልጇም ፊት። ስኳር ነበር። ልብስ ሰፊ ያለ ዓይን ምን ትሠራለች? ባሏ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው። ሁለቱን ልጆች ይዞ የሚቆመው የእሷ መርፌ ነው።

«እናቴ» አለች።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲህ ስሚኝ። መነጽሩ ለጊዜው ይቆይ፤ ሦስት ወር እሰጥሻለሁ። ሰውነትሽ ከቀነሰና ስኳሩም ከወረደ መልካም፤ ካልሆነ መድኃኒት እንጀምራለን፣ እሱ ደግሞ ከተጀመረ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በቀን ስንት ሻይ ትጠጫለሽ?» ያን አሥራ ስምንት ማንኪያ ያሰላችላት እሷ ናት። ስታሰላም አልሳቀችም። «ቤትሽ ሚዛን አለ?»

«የለም።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«በይ እንግዲያ ሜትር አጣሁ አትዪኝም። በየቅዳሜው ወገብሽን በእምብርትሽ በኩል ለክተሽ ጻፊ።»

ድንቡሼ የዚያን ቀን መጋረጃው ጀርባ ገብታ፣ ለሰባት ዓመት ስትሸሸው የኖረችውን ነገር አደረገች። ሜትሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከጠረጴዛው ራስ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል፣ እሷም ጋሼ መቀስም የሚሠሩት በእሱ ነው። ወገቧ ላይ አዞረችው። መቶ ዘጠኝ። እንደ ሌላ ሰው ልክ ደብተር ላይ አሰፈረችው፤ ስም ግን አልጻፈችበትም።

ጋሼ መቀስ ምግብ ልትቀንስ መሆኑን ሲሰማ መቀሱን አስቀመጠ። «አንቺ? ምግብ ልትተዪ? እንግዲህ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ አምላክ ይጠብቀው።»

«ምግብ አልተውኩም፣ ስኳር ነው የተውኩት።»

«እሱን እንኳ ተይው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«የእኔ እንቁላል ጉልበቱን አሞታል ጋሼ።»

ሻዩ ከሁሉ ከበዳት። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ማንኪያ ስትወርድ የሳሙና እጣቢ የምትጠጣ መሰላት። በሁለተኛው ሳምንት ራሷን አመማት፤ ሰው ሁሉ አስጠላት፤ የልጇን ደብተር ስታለብስ ሽፋኑ ስለተቀደደባት ብቻ አለቀሰች። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድማ መውረድ ጀመረች። ይህን ቀላል አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ጠዋት ሁለት ልጅ አልብሰው አያውቁም። ለመራመጃው የሚሆነው ሃያ ደቂቃ ከየትም አይመጣም፤ ከእንቅልፍ ነው የሚቆረሰው። እንቅልፍ ሲያንሳት ደግሞ ሆዷ በእጥፍ ይጮኻል።

ቤት ውስጥ ደግሞ አማቷ አለች። ልጆቹ እማማ ይሏታል፣ ድንቡሼም እንዲሁ። ልጆቹን የምትጠብቀው፣ የምታበስለውም እሷ ናት፤ ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ግን ፍቅሯ ሁሉ በማንኪያ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች አንድ ማታ፣ ድንቡሼ ለራሷ የቆረሰችውን ዳቦ አንስታ እያገላበጠች። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ሲባል አልሰማሽም? ይኼ እኮ የወፍ ነው።»

«በቃኝ እማማ። ጎመኑ አለ፣ ምስሩ አለ።»

«ቀኑን ሙሉ ስትሰፊ ውለሽ? ሰው ምን ይለኛል፣ አማቷ አስርባ ገደለቻት አይለኝም? በሞቴ ይቺን ብቻ።»

«እማማ፣ በሞቴ አትበዪኝ።»

«እንግዲያ በማን ሞት ልበል?»

ድንቡሼ ያችን ትበላለች። ያች ደግሞ አንድ ሆና አታውቅም። በአራተኛው ሳምንት ድንቡሼ ዘዴ አገኘች፤ ከሥራ እንደገባች ከልጆቹ ጋር ቀድማ ትበላና አማቷ ሳህን ይዛ ስትመጣ የበላችበትን ሳህን ታጥባለች። እጇ አረፋ ውስጥ የገባ ሰው ብዪ አይባልም። የልጆቹን ትራፊም ለመጀመሪያ ጊዜ ደፋችው። እንደሷ ባለ ቤት ላደገ ሰው ምግብ መድፋት ከመስረቅ አይተናነስም። ከዚያ በኋላ ግን ከመጀመሪያው ሳህናቸው ላይ ትንሽ ማድረግን ተማረች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩ ላይ ቁጥር ይሰፍራል። መቶ ዘጠኝ። መቶ ስምንት። መቶ ስምንት። መቶ ሰባት። አንድ ሳምንት ወደ መቶ ስምንት ተመለሰች፣ ከዚያ ወረደች። በሰባተኛው ቅዳሜ መቶ አምስት ሆነች። ደረጃው ላይ የምትቆመውም አንዴ ብቻ ሆነ፤ ግድግዳ መደገፉ ቀርቶ ቦርሳ መበርበሩ ብቻ ተረፈ። ቀሚሷንም በለመደችው መንገድ ፈታችው፤ አሁን ግን ወደ ውስጥ ሰፋችው። ለማንም አልተናገረችም። ደስታዋን እንኳ በሹክሹክታ ነበር የያዘችው፣ ድካም ሰምቶ እንዳይመጣባት።

በስምንተኛው ሳምንት ሜትሩ ተበጠሰ። ዘጠኝ ዓመት አገልግሏል፤ ጠርዙ ተተልትሏል፣ ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል። አንዲት ደንበኛ ላይ ስትዘረጋው ሠላሳው ላይ ለሁለት ሆነ። ጋሼ መቀስ ታች ካለው ሱቅ አዲስ ቢጫ ሜትር አስመጣ። ቅዳሜ ድንቡሼ መጋረጃው ጀርባ ገባች፣ አዲሱን ሜትር ወገቧ ላይ አዞረች፣ ቁጥሩን አየች።

መቶ ስምንት።

አውልቃ ደግማ አዞረችው። ትንፋሿን አስወጥታ ሞከረች። መቶ ስምንት። በዚያ ሳምንት ደግሞ ከሁሉም ሳምንት ይልቅ ተጠንቅቃ ነበር፤ ሻዩን ያለ ስኳር ነው የጠጣችው፣ አንድም ቀን ፌርማታዋን አላለፈችም። በአንድ ሳምንት ሦስት ሳንቲ ሜትር! ሰውነቷ እየጠበቀ ያሾፈባት መሰላት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፣ አለች በልቧ። ደብተሩ ላይ አልጻፈችውም። ከመጋረጃው ወጥታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ሻይ ሲመጣ ስኳሩን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሼ መቀስ አየና ወደ ጨርቁ ጎንበስ አለ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሆነ። ከታክሲ የምትወርደው በሩ አጠገብ ነው። ማታ አማቷ ሁለተኛ ሳህን ስታመጣ ሳትከራከር ትቀበላለች፤ እማማ በደስታ ሰውነቷ ቀለላት። ትንሿ ልጅ እናቷ ስትበላ ጎኗ ተቀምጣ እያየቻት፣ «እማዬ፣ ዛሬ ደስ ብሎሻል?» አለቻት።

«ለምን አልሽ?»

«ብዙ በላሻ።»

«አይደለም ሆዴ። ደክሞኝ ነው።»

እውነቷን ነበር። ረሃብ አይደለም ያስበላት። መሞከር ሲሰለች የሚመጣ አንድ ድካም አለ፤ እንቅልፍም አያወጣውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጡረታ የወጡ አንድ መምህር መጡ። በየዓመቱ አንድ ሱሪ ያሰፋሉ፤ ቀለሙም ልኩም አይለወጥም። ድንቡሼ እንደ ልማዷ አዲሱን ሜትር አንስታ ከወገባቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለካች፤ ጋሼ መቀስ ደብተር ይዞ የዓምናውን ያነባል።

«ርዝመት» አለ።

«መቶ አምስት።»

«መቶ ሁለት ነው እኮ የሚለው።»

ደግማ ለካች። «መቶ አምስት ነው ጋሼ።»

ጋሼ መቀስ በመነጽሩ ላይ አሻግሮ መምህሩን አያቸው። «ጋሽ መምህር፣ በስልሳ ስድስት ዓመትዎ እግርዎ እያደገ ነው እንዴ? ለእኛም ምሥጢሩን ንገሩን እንጂ!»

«እኔ የማውቀው ወደ መሬት እየገባሁ መሆኔን ነው» አሉ መምህሩ።

ሁለቱ ሳቁ። ድንቡሼ አልሳቀችም። ተንበርክካ ሜትሩን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ተነስታ የተበጠሰውን ሜትር ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ አወጣች። ሁለቱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ጫፍ ለጫፍ ገጥማ የብረቱን ማስመሪያ አጠገቡ አስተኛች። የድሮው ሜትር መቶ የሚለው፣ ብረቱ ላይ መቶ ሦስት ላይ ደርሷል።

«ላልቷል» አለ ጋሼ መቀስ፣ ጎንበስ ብሎ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንስበው ላልቷል! ታዲያ እንዴት ልብስ አላበላሸንም?»

«በለካንበት ነው የቆረጥነው» አለች ድንቡሼ። «እኛም እሱም አብረን ነው የተሳሳትነው።»

ይህን ስህተት ልብስ ሰፊ ብቻ ነው የሚሳሳተው። በላላ ሜትር ለክቶ በዚያው የሚቆርጥ ሰው ልብሱ ይገጥምለታል፤ ልክክ ስለሚል ሜትሩን አይጠረጥርም። ድንቡሼ ደብተሩን ገለጠች፣ ስም የሌለበትን ገጽ። የመጀመሪያው ቀን መቶ ዘጠኝ ያለው በእውነቱ መቶ አሥራ ሁለት ነበር። የሰባተኛው ሳምንት መቶ አምስትም መቶ ስምንት። ስለዚህ አዲሱ ሜትር መቶ ስምንት ያላት ቅዳሜ አንዲት ሳንቲ ሜትር አልጨመረችም ነበር፤ የሰባት ሳምንት ልፋቷ እዚያው ወገቧ ላይ ነበር።

መጋረጃው ጀርባ ገብታ እንደገና ለካች። መቶ አሥር። እነዚህን ሁለት ሳንቲ ሜትር ደግሞ የትኛውም ሜትር አልሰጣትም፤ አሥሩ ቀን ነው።

ጋሼ መቀስ ከውጭ፣ «ምን አለ?» አላት።

«ሰውነቴን ስሰድብ የከረምኩት በከንቱ ነው አለ።»

ይህ ነገር ተረት ቢሆን ኖሮ ድንቡሼ ከዚያን ቀን ጀምሮ እየሮጠች ደረጃ ትወጣ ነበር። አልሆነም። በማግስቱ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ስትወርድ እንቅልፏን አልጨረሰችም ነበር፣ ዝናብ ነበረ፣ ጫማዋም ውሃ ያስገባል። ሻዩ እንደገና እጣቢ እጣቢ አላት። ሁለተኛ መጀመር ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ መጀመሪያ ላይ ምን እንደሚጠብቅሽ አታውቂም፣ ሁለተኛው ላይ ግን እያንዳንዱን ቀን በስሙ ታውቂዋለሽ። እማማንም አንድ ማታ አስቀምጣ የእናቷን ዓይን ነገር ነገረቻት። እስከዚያን ቀን አልነገረቻትም ነበር። አሮጊቷ፣ «እኔ እኮ ስትበዪ ደስ ስለሚለኝ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ «በሞቴ» ማለቷን ሙሉ በሙሉ ባትተውም፣ የምታቀርበው ጎመን ሆነ። «በሞቴ ይቺን ጎመን» ሲሏት እምቢ የሚያሰኝ የለም።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ወገቧ መቶ ሰባት ነበር፣ በትክክለኛው ሜትር። ነርሷ ከጣቷ ደም ቀዳች። ድንቡሼ መሣሪያውን አላየችም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰሌዳ ታነብ ነበር፣ ያለ መነጽር እስከ ስንተኛው መስመር ድረስ እንደሚታያት እየቆጠረች።

«መቶ ስምንት» አለች ነርሷ።

«እሱ ጥሩ ነው?»

«ካለፈው ይሻላል። መድኃኒት አንጀምርም። ግን ከደጃፉ ጥቂት ነው የራቅሽው፣ ገና ነሽ። ከሦስት ወር በኋላ ትመጫለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያም ትመጫለሽ።»

«መቼ ነው የሚያበቃው?»

ነርሷ ካርዷን እየሞላች ነበር፤ ቀና አለች። «አያበቃም እህቴ። ጥርስ መፋቅ መቼ ያበቃል?»

ድንቡሼ ካርዷን ይዛ ወጣች። ለመደሰትም ለማልቀስም አቅም አልነበራትም፤ ግማሽ ቀን የሥራ ሰዓት ነበራት። ስትሄድ ግን ከጤና ጣቢያው እስከ ሕንፃው ድረስ ሦስት ሰው አገኘች። አትክልት የምትሸጠዋ ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ምነው? ምን ነካሽ? ታመሽ ነበር እንዴ?» አለቻት። ሁለተኛው የቀድሞ ጎረቤት ነው፤ «ውይ፣ ከሳሽ! ቤት ሰላም ነው? ባልሽ ደህና ነው?» አለ። ሦስተኛዋ የልጇ ክፍል ጓደኛ እናት ናት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» ብላ ክንዷን ዳበሰቻት። ሰባት ዓመት ስትወፍር «ተመቸሽ» ያሏት እነዚሁ ናቸው። ሦስተኛዋ አይዞሽ ብላት ስትሄድ የዳቦ ቤቱ በር አጠገቧ ክፍት ነበር፤ ያን ቀን እዚያ በር ላይ ከቆመችው በላይ ደረጃውም ላይ ቆማ አታውቅም። ገብታ ጥጋብ የመሰለ ፊት ይዛ ብትወጣ የሚያዝንላት እንደማይኖር ታውቃለች። አልገባችም። ያለፈችው ግን በጭንቅ ነው።

እና ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፣ ድንቡሼ አንድ ነገር ትለምናለች። ምክር አትፈልግም፤ ምክሩን ነርሷ ሰጥታታለች። ምስጋናም አትፈልግም፤ ወገቧ መልሶ በጨመረበት ሳምንት ያን ምስጋና የት እንደምታስገባው አታውቅም። መንገድ ላይ ስታገኟት፣ ወይም እሷን የመሰለች ሌላ ሴት ስታገኙ፣ ከስታም ብትሆን ወፍራ፣ እባካችሁ ስለ ሰውነቷ ምንም አትበሏት። ልጆቿ እንዴት እንደሆኑ ጠይቋት። ሥራ እንዴት ነው በሏት። የምትሉት ካጣችሁ «እንዴት ዋልሽ» ብቻ በሏትና አሳልፏት፤ ገና ሃምሳ አራት ደረጃ አለባት።